ፒካፕ ሞተሩ ሲግል፦ ዕቃ ከመቀየር በፊት መታየት ያለበት

ሞተር በጋለ ቁጥር ራዲያተር ለመግዛት መሮጥ ገንዘብ ማባከን ነው። መጀመሪያ የሚግለው መቼ እንደሆነ ይለዩ። ቆሞ ወይም እየተንፏቀቀ ሲሄድ ግሎ መንገድ ሲያገኝ የሚበርድ ከሆነ ጥፋቱ በአብዛኛው የፋን ነው። ጭኖ ዳገት ሲወጣ ወይም በፍጥነት ሲነዳ ብቻ የሚግል ከሆነ ግን ራዲያተሩን ይጠርጥሩ።

ብዙ ፒካፖች ላይ ፋኑ የሚዞረው በቺንጊያ ነው፤ መሃሉ ላይ ሲሊኮን ዘይት የያዘ፣ ሙቀት ሲጨምር ፋኑን አጥብቆ የሚያዞር ክላች አለው። ሞተሩ እንደጋለ አጥፍተው ፋኑን በእጅ ያዙሩት፤ ከበድ ሊል ይገባል። እንደ ልብ ከተሽከረከረ ወይም ክላቹ ላይ ዘይት ከታየ ክላቹ አልቋል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፋን ግን ሞተሩ ጠፍቶም ሊነሳ ስለሚችል እጅ አይግባበት። በፋኑ ዙሪያ ያለው የፕላስቲክ መከለያ ከተሰበረም አየሩ በራዲያተሩ ውስጥ ማለፉን ትቶ በጎን ይዞራል፤ ይህን ብዙ ሰው አያየውም።

ራዲያተሩ ከፊት ንጹሕ መምሰሉ ማስረጃ አይሆንም። ጭቃው የሚጠራቀመው በኤሲ ኮንደንሰሩ (ከራዲያተሩ ፊት ባለው የኤሲ ማቀዝቀዣ) እና በራዲያተሩ መካከል ነው። ጉልበት በሌለው ውሃ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት ይታጠብ፤ ኃይለኛ ግፊት ስስ ክንፎቹን ያጣምማል።

የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ሳይበርድ ፈጽሞ አይክፈቱ፤ የፈላው ውሃ ፊት ላይ ይፈነዳል። ላዩ ላይ የግፊቱ መጠን ተጽፏል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.9 እስከ 1.1 ባር ነው። ላስቲኩ ከደረቀ ግፊት አይይዝም፤ ውሃውም ቶሎ ይፈላል። ሞተሩ ከበረደ በኋላ የላይኛው ጎማ ቱቦ ተጨምድዶ ከተገኘ ደግሞ ክዳኑ ውስጥ ያለችው ትንሿ የመመለሻ ቫልቭ ተጣብቃለች ማለት ነው።

ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈውን ቫልቭ፣ ፈትተው በሽቦ አንጠልጥለው ከቴርሞሜትር ጋር በሚሞቅ ውሃ ውስጥ ይክተቱት። የተጻፈበት 82 (ዲግሪ ሴልሺየስ) ከሆነ እዚያው አካባቢ መከፈት መጀመር አለበት። አውጥቶ መጣል መፍትሔ አይደለም፤ አንዳንድ ሞተሮች ላይ አቋራጩን መንገድ የሚዘጋው እሱ ስለሆነ፣ ከሌለ የጋለው ውሃ ራዲያተር ሳይደርስ ተመልሶ ይገባል።

ውጭ ሳይፈስ ውሃ የሚጎድል ከሆነ፣ ሞተሩ ሲነሳ ራዲያተሩ ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ ከታየ ወይም ዘይቱ ወተት ከመሰለ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። መኪናው ከዚህ በኋላ አይነዳ፤ ቴስታታው ሊጣመም ይችላል።

ከጥገና በኋላ ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅለው፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ ይሙሉ። የመኪናው አፍንጫ ከፍ ብሎ ይቁም፤ የጋቢናው ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ይከፈት። ክዳኑን ሳይገጥሙ ሞተሩን አስነስተው በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረግጡ) ይተዉት። ቴርሞስታቱ ሲከፈት የታችኛው ቱቦ ይሞቃል፣ ውሃውም ዝቅ ይላል፤ እየጨመሩ አረፋው ሲያቆም ክዳኑን ይግጠሙ።