ስኖውሞቢሉ ቺንጋ እየበላ ሲያስቸግር

ሚኒሶታ ውስጥ በረዶ መጣል ሲጀምር የምሠራበት ጋራዥ ደጃፍ ላይ ስኖውሞቢል፣ ማለትም በረዶ ላይ የሚነዳው ሞተር፣ ይደረደራል። ግማሹ ባለቤት የሚያመጣው ቅሬታ አንድ ነው፦ «ክላቹ ሞቷል»። እኔ ሙያውን የጀመርኩት ክላች ፍሪሲዮን በሚባልበት በአዲስ አበባ ነው። የመጀመሪያውን ስኖውሞቢል ስከፍት ዲስክ ስፈልግ ሳቁብኝ። ዲስክ የሚባል ነገር የለውም። ያለው ሁለት ፑሌጃና አንድ ሰፊ ቺንጋ ነው።

ፕራይመሪ የሚባለው ፑሌጃ ክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ ነው። ዙር ሲጨምር ውስጡ ያሉት ክብደቶች ወደ ውጭ ይወረወራሉ፣ ሞላውን ያሸንፋሉ፣ የፑሌጃውን ሁለት ጎኖች አጠጋግተው ይዘጉታል። ቺንጋው ተጨምቆ ወደ ጠርዙ ይወጣል። ከኋላ ያለው ሴከንደሪ ደግሞ በዚያው ልክ ይከፈታል። ስኩተር የፈታ ሰው ያውቀዋል። ልዩነቱ እዚህ በኃይለኞቹ ሞዴሎች ላይ ከ150 የፈረስ ጉልበት በላይ በዚያች ቺንጋ ማለፉ ነው።

ሻማና ነዳጅ አይታችኋል ብዬ ልለፍ።

ቀላል ቀላሉን በአጭሩ

ሞተሩ በሥራ ፈት ዙር ላይ እያለ ስኖውሞቢሉ ወደፊት መሳብ ከፈለገ ቺንጋው ጠብቋል። ሴከንደሪው ላይ ባለው ማስተካከያ አላሉት።

ሲነሳ እንደ በቅሎ የሚዘል ከሆነ የክብደቶቹን ፒንና የሚንከባለሉባቸውን ሮለሮች እዩ። ሮለሩ አንድ ጎኑ ተበልቶ ጠፍጣፋ ከሆነ ይቀየር።

ዙሩ ከልክ በላይ እየጮኸ ፍጥነት ካልመጣ ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ወይም ክብደቶቹ ቀላል ናቸው። የትኛው ፑሌጃ ይበልጥ እንደጋለ ለኩ። መንሸራተቱ ያለው ብዙ ጊዜ እዚያው ነው።

ዙሩ አልወጣ ካለና በቅርቡ ከሚኒሶታ ወደ ኮሎራዶ ተራራ ሄዳችሁ ከሆነ ክላቹን አትውቀሱት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። በአሮጌ መኪና እንጦጦን የወጣ ሰው ይህ አይነገረውም። ቀለል ያሉ ክብደቶች ግጠሙ። ስትቀይሩ ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ በእኩል ግራም። አንዱን ብቻ የቀየረ ሰው አጋጥሞኛል። ሞተሩ እንደ ወፍጮ ቤት ይንቀጠቀጥ ነበር።

ፑሌጃው ራሱ ከተሰነጠቀ ሙሉውን ቀይሩ። አይበየድም።

ዋናው ጣጣ፦ ቺንጋ በቺንጋ ላይ

ሰው ሁሉ ቺንጋ ሲበጠስ አዲስ ገዝቶ ይገጥማል። እንደገና ይበጠሳል። ዋጋው ከ150 ዶላር በላይ ነው። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ብሽቀት ይጀምረውና ርካሹን ይገዛል። ስም የሌለው፣ ማሸጊያው ላይ ነበልባል የተሳለበት። ያ ደግሞ አንድ ቅዳሜ አይቆይም። እባካችሁ፣ ለሞተራችሁ በመለያ ቁጥሩ የተጻፈውን ቺንጋ ብቻ ግዙ። በስፋትም በጎማውም ዓይነት ይለያያል። «ይመስላል» አይሠራም።

የተበጠሰውን አትጣሉት። ይዛችሁት ኑ፤ ምርመራው ከእሱ ነው የሚጀምረው።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተቃጥሎ ከቀጠነ ጥፋቱ የነጂው ነው። ሌሊቱን ውጭ አድሮ ትራኩ (ከሥር የሚዞረው ሰፊ የጎማ ሰንሰለት) ከበረዶው ጋር ተጣብቋል፤ ወይም ጥልቅ በረዶ ውስጥ ተቀርቅሯል። እሱ ግን ነዳጁን ይዞ ይጫናል። ፕራይመሪው ይዞራል፣ ቺንጋው ቆሟል። በሰከንዶች ውስጥ ይላጫል። መፍትሄው የኋላውን ከፍ አድርጎ ትራኩን ማላቀቅ ነው። ሁለት ደቂቃ ነው። ይህን ለስንት ሰው እንደነገርኩ ቆጥሬ አላውቅም፤ በሳምንቱ በዚያው ቁስል ይመለሳሉ።

ሁለቱም ጎኖች እንደ መስታወት ካንጸባረቁ ተንሸራትቷል። ብዙ ጊዜ ዘይት ወይም ቅባት ነው። ክላች ላይ ቅባት አይነካም! «ትንሽ ልርጨው ብዬ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እነዚህ ክፍሎች ደረቅ ሆነው እንዲሠሩ ነው የተሠሩት። ቅባት የቺንጋውን ዱቄት ይሰበስብና ጭቃ ይሆናል።

አንዱ ጠርዝ ብቻ ከተተለተለና ክሩ ከጎን ከወጣ ግን ሁለቱ ፑሌጃዎች ፊት ለፊት አልተያዩም ማለት ነው። እኔን ዕድሜ ያስፈጀኝ ይሄኛው ነው።

አንድ የእኛው ልጅ ያገለገለ ስኖውሞቢል ገዝቶ በአንድ ወቅት አራት ቺንጋ ጨረሰ። ሁለት ቦታ አሳይቷል። አንዱ ሴከንደሪውን ሙሉ ቀየረለት። ሁለቱም የፑሌጃዎቹን አሰላለፍ በመለኪያው ለክተው «ልክ ነው» ብለውታል። እኔም ለካሁ፤ ልክ ነው። ግማሽ ቀን ራሴን ሳክ ዋልኩ።

ነገሩ ወዲህ ነው። መለኪያው የሚለካው ሞተሩ ጠፍቶ፣ ምንም ሳይጎተት ነው። ነዳጅ ሲሰጥ ግን ቺንጋው ሁለቱን ፑሌጃዎች በኃይል ወደ ራሱ ይስባቸዋል። ሞተሩን ከቻሲው ጋር የሚይዙት ጎማዎች ከተቀደዱ ሞተሩ በክላቹ በኩል ወደ ኋላ ይጠመዘዛል። ፑሌጃዎቹ ይጠጋጋሉ፣ አቅጣጫቸውም ይዛነፋል። ነዳጁን ስትለቁት ሞተሩ ቦታው ይመለሳል፤ መለኪያውም «ልክ ነው» ይላል።

የልጁ ስኖውሞቢል ውስጥ ባትሪ አብርቼ ሳይ ጎማው ደህና ይመስል ነበር። ወፍራም ዱላ በክላቹ በኩል ሞተሩ ሥር አስገብቼ ቀስ ብዬ ሳነሳው ግን ጎማው እንደ አፍ ተከፈተ። ከብረቱ ተላቋል። አዲሱ ጎማ ከአንድ ቺንጋ ዋጋ ያነሰ ነበር።

ስለዚህ ጠርዙ የተተለተለ ቺንጋ ስታዩ መጀመሪያ ሞተሩን ነቅንቁት። ሁሉንም ጎማ አንድ በአንድ። ሞተሩ እንዳይጠመዘዝ የሚገታ ድጋፍ ካለው ክፍተቱን ከሞዴሉ መጽሐፍ ጋር አስተያዩ። ጎማውን ከቀየራችሁ በኋላ በመለኪያው እንደገና ለኩ፤ አዲስ ጎማ ሞተሩን ትንሽ ያነሳዋል።

ፕራይመሪውን ማውለቅ ካስፈለገ ለሞዴሉ የተሠራውን ማውለቂያ ተጠቀሙ። በመዶሻና በብረት ዘንግ የሚታገል ሰው ክራንክ ሻፍቱን ያጣምማል። ሾጣጣው የክራንክ ጫፍ ሲገጠም በአልኮል ተጠርጎ ደረቅ መሆን አለበት። ብሎኑ በመጽሐፉ ልክ፣ በመለኪያ ቁልፍ ይጥበቅ።

ቺንጋ ከፈነዳ በኋላ ክሮቹን አንድ ሳይቀር ልቀሙ። በተለይ ከፕራይመሪው ጀርባ። አንዱ ደንበኛ ጫካ ውስጥ ቶሎ ቀይሮ ነዳው። የቀረው ክር ክራንኩ ላይ ተጠምጥሞ የክራንኩን ማሸጊያ ጎማ (ሲል) በላው። በዚያ በኩል አየር ገባ፣ ድብልቁ ነዳጅ አጠረው፣ ከሳምንት በኋላ ፒስተኑ ተበሳ። የ10 ደቂቃ ሥራ ነበር።

ደግሞ የክላቹን ሽፋን ከፍታችሁ ነዳጅ አትስጡ። ቪዲዮ ለመቅረጽም ቢሆን። ሞተሩ በደቂቃ 8,000 ዙር አካባቢ ሲደርስ የተበጠሰ ቺንጋ ጣት አይመርጥም።

አዲሱን ቺንጋ በሳሙናና ውሃ እጠቡና አድርቁት፤ ከፋብሪካ ቅባት ይዞ ይመጣል። ፑሌጃዎቹንም በአልኮል ጥረጉ። የመጀመሪያውን 50 ኪሎ ሜትር ፍጥነቱን እየቀያየራችሁ፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ሳትጫኑ ንዱ። ከዚያ አውጡትና የሚዞርበትን አቅጣጫ ምልክት አድርጋችሁ በመለዋወጫነት ያዙት፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ ግሩት። ጫካ መሀል በረዶ ላይ ተንበርክካችሁ የምትገጥሙት ቺንጋ ቢያንስ አንዴ የተነዳ ይሁን።