ፎንዱ በሸክላ ድስትና በከሰል፦ ገበታ ላይ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ፎንዱ አይብ በነጭ የወይን ጠጅ ቀልጦ፣ ገበታ መሀል በለስላሳ እሳት ላይ ተቀምጦ፣ ሁሉም በየሹካው ዳቦ እየነከረ የሚበላው የስዊዘርላንድ ምግብ ነው። ጎንደር ውስጥ ከወለቃ በተገዛ ሸክላ ድስትና በከሰል ምድጃ በሚገባ ይሠራል፤ ሲበላሽም ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሚከተሉት አንዱ ነው።

አይቡ አልቀልጥ ካለ

መጀመሪያ የሞከርኩት ከቅዳሜ ገበያ በገዛሁት አይብ ነበር። ግማሽ ሰዓት ካማሰልኩ በኋላ ድስቱ ውስጥ የቀረው ቢጫማ ውሃና እንደ ቅንጬ ፍሬ ፍሬ ያለ ነጭ ነገር ስለነበር እሳቱ አንሷል ብዬ ከሰል ጨመርኩ፤ ፍሬውም ይበልጥ ደረቀ። ጥፋቱ የእሳቱ አልነበረም። የእኛ አይብ አሬራ ሲሞቅ በራሱ ኮምጣጣነት የሚረጋ ስለሆነ፣ እንደገና ሲሞቅ ውሃውን ይተፋል እንጂ አይፈስም። የሚቀልጠው በሬኔት (ወተት በሚያረጋ ኢንዛይም) የረጋና ለወራት የቆየ አይብ ነው፤ ስዊዞች ግሩየርን ከቫሽራን ፍሪቡርዥዋ ጋር እኩል ይቀላቅላሉ፣ እዚህ ደግሞ የጎዳ ዓይነት አይብ ይበቃል። አይባችን ለክትፎና ለጎመን ይቆይ።

ቅቤው ከተንሳፈፈ ወይም አይቡ እንደ ማስቲካ ከተሳበ

የአይቡን ፕሮቲን አንድ ላይ አስሮ የያዘው ካልሲየም ነው፤ በወይን ጠጁ ውስጥ ያለው አሲድ ይህንን ካልሲየም ሲይዘው ፕሮቲኑ ላልቶ ይፈስሳል፣ ስታርቹ ደግሞ ቅቤው እንዳይለይ ያግዛል። ስለዚህ አሲዱ ሲያንስ፣ ስታርቹ ሲረሳ ወይም ድስቱ ለረጅም ጊዜ ሲንተከተክ ውህዱ ይፈርሳል። ድስቱን ከእሳት አውርዶ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በቀዝቃዛ የሎሚ ውሃ በጥብጦ ማፍሰስና ሳያቋርጡ ማማሰል አብዛኛውን ጊዜ ይመልሰዋል። መጠኑን ከመነሻው ለመጠበቅ፣ ለ4 ሰው 800 ግራም የተፈቀፈቀ አይብ፣ 350 ሚሊ ሊትር የወይን ጠጅና 3 የሻይ ማንኪያ ስታርች በቂ ነው። ወይን ጠጅ የማይጠጣ ቤተሰብ ውሃ በሎሚ ይጠቀም።

ድስቱ ከተሰነጠቀ

ያልተሟሸ ሸክላ በሚንቀለቀል ከሰል ላይ ሲጣድ፣ ወይም የጋለ ድስት ውስጥ ቀዝቃዛ ነገር ሲፈስበት ይሰነጠቃል። አዲሱን ድስት ማሟሸት፣ ፍሙንም አመድ ማልበስ ይገባል።

ራስ ምታትና ማዞር ከመጣ

ይህ ከሁሉም ይከብዳል። የጎንደር ምሽት ስለሚቀዘቅዝ በርና መስኮት ዘግቶ ከሰሉን መክበብ ያምራል፤ ነገር ግን ጢሱ ያለቀለት፣ ደማቅ ቀይ ፍም ራሱ ሽታም ቀለምም የሌለውን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ምልክቱ በታየ ቅጽበት ሁሉንም ሰው ወደ ውጭ ማውጣት፣ ወደ ሕክምናም መውሰድ ያስፈልጋል። ከሰሉ ደጅ ተያይዞ ይግባ፤ ገበታው እስኪነሳ ድረስም በርና መስኮቱ ክፍት ይሁኑ።

ዳቦው ከሹካ ከወደቀ

ትኩስ ድፎ ዳቦ ለስላሳ ስለሆነ አይቡ ውስጥ ይቀራል። አንድ ቀን ያደረውን፣ እያንዳንዱ ቁራሽ ቅርፊት እንዲኖረው አድርጎ መቁረጥና ከለስላሳው ወገን ወግቶ ሹካውን ቅርፊቱ ላይ ማቆም ነው።

ድስቱ ሥር አይብ ከያዘ

ጥቁር ከሆነ አርሯልና ይጣል። ወርቅማ ቡናማ ከሆነ ግን ጥፋት አይደለም፤ ስዊዞች ይህን ቅርፊት በቢላ ፍቀው፣ ገበታው ላይ ላለው ሁሉ ያካፍሉታል።