የባዶ ህዋን ኢነርጂ በእጃችሁ አስሉት

ደብረ ማርቆስ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ጎበዝ ተማሪዎቼ «የፊዚክስ ትልቁ ስህተት 120 ዜሮ ነው» የሚለውን ከዩቲዩብ ይዘውልኝ ይመጣሉ። የባዶ ህዋ ኢነርጂ በኳንተም ሲሰላ ከተለካው 120 ዜሮ ባለው ቁጥር ያህል ይበልጣል ማለት ነው። ቁጥሩን ራሱ ያሰላው ግን የለም። ይህን የሚያህል ነገር በወሬ ሲታለፍ ያንገበግበኛል። ወረቀትና ካልኩሌተር አምጡ።

መጀመሪያ ከልኬት የሚገኘውን እናውጣ። ዩኒቨርስ የሚሰፋበት ልክ፣ የሀብል ቁጥር የሚባለው፣ በአንድ ሜጋፓርሴክ (3.09 × 10²² ሜትር የሚሆን ርቀት) 70 ኪሎሜትር በሰከንድ ገደማ ነው። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱንም ወደ ሜትር ቀይሩ። 70,000ን ለ3.09 × 10²² ስታካፍሉ 2.27 × 10⁻¹⁸ ይመጣል። በራሱ አባዙት። በ3 አባዙት። ከዚያ ለ8 ፓይና ለኒውተን የስበት ቁጥር (6.67 × 10⁻¹¹) አካፍሉት። በሜትር ኩብ 9.2 × 10⁻²⁷ ኪሎግራም ታገኛላችሁ። ይህ የሁሉም ነገር ድምር ነው። የፕላንክ ሳተላይት እንደለካው፣ ከዚህ የባዶው ህዋ ድርሻ 0.69 አካባቢ ነው። በ0.69 አባዙ፣ በብርሃን ፍጥነት ስኩዌር አባዙ። በሜትር ኩብ 5.7 × 10⁻¹⁰ ጁል፤ ይኸው ነው።

ትንሽነቱ እንዲገባችሁ በጣና ለኩት። ጣና 28 ኪዩቢክ ኪሎሜትር ገደማ ውሃ ይይዛል። ያን የሚያህል ባዶ ህዋ ውስጥ ያለው ኢነርጂ 16 ጁል ብቻ ነው። አንድ ኪሎ የአዴት ጤፍ ከመሬት አንስቶ ራስ ላይ ለማድረስ ቢበቃ ነው። የዩኒቨርስን መስፋፋት የሚያፋጥነው ግን ይኸው ነው ተብሎ ይታሰባል። መፍጠኑን እ.ኤ.አ. በ1998 ሁለት ቡድኖች ከሩቅ ሱፐርኖቫዎች (የሚፈነዱ ኮከቦች) ብርሃን ደረሱበት።

አሁን ወደ ኳንተም እንሂድ። እያንዳንዱ የሞገድ ዓይነት ባዶ ህዋ ውስጥም የማይጠፋ ኢነርጂ አለው። ሁሉንም ከደመራችሁ ማለቂያ የለውም፤ አንድ ቦታ መቁረጥ ግድ ነው። የተለመደው መቁረጫ የፕላንክ ርዝመት ነው፣ 1.6 × 10⁻³⁵ ሜትር። ይህን መቁረጫ ስናስገባ ስሌቱ እንዲህ ይሆናል፦ የብርሃን ፍጥነትን (3 × 10⁸) ፓወር 7 አድርጉ። ለ1.05 × 10⁻³⁴ (የፕላንክ ቁጥር ለ2 ፓይ ተካፍሎ) አካፍሉ፣ እንደገና ለስበት ቁጥሩ ስኩዌር አካፍሉ።

ካልኩሌተሩ «ማት ኤረር» ይላል። «ቲቸር፣ ተበላሸ» ይሉኛል። አልተበላሸም፣ ከ10¹⁰⁰ ጀምሮ ማሳየት አይችልም። ፓወሮቹን ለብቻቸው በእጅ ሥሩ። በሜትር ኩብ 4.7 × 10¹¹³ ጁል ይወጣል። ከልኬት ላገኘነው ለ5.7 × 10⁻¹⁰ ስታካፍሉት 10¹²³ ይጠጋል። 120 ነው 123 ነው ብላችሁ አትጨቃጨቁ፤ ልዩነቱ ፓይን የት አስገባችሁ ከሚለው የሚመጣ ነው።

«መቁረጫውን ብንለውጠውስ?» የሚሉኝን ልጆች እወዳቸዋለሁ። ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነው። 1.05 × 10⁻³⁴ን በብርሃን ፍጥነት አባዙ፣ ለ5.7 × 10⁻¹⁰ አካፍሉ፣ ስኩዌር ሩት ሁለት ጊዜ ውሰዱ። 0.09 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች እንዲገጥሙ ከዚህ ያጠረ ሞገድ ከድምሩ መውጣት አለበት ማለት ነው። በዓይናችን የምናየው ብርሃን ግን ሞገዱ ከ0.001 ሚሊሜትር ያነሰ ነው። እሱን የለም ብሎ መቁረጥ አይቻልም።