ዲናሞ ከቤት ርቆ ሲከዳ

ሽንኩርት ጭነን ከወረታ ስንነሳ ከቀኑ 11 ሰዓት አልፎ ነበር። ሐሙሲት ሳንደርስ ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪዋ ቀይ መብራት ደብዘዝ ብላ በራች። ጠፋች። መልሳ በራች። ረዳቴ «ጋሼ፣ ሽቦ ላልቶ ይሆናል» አለኝ። እኔም እንደዚያ እንዲሆን ስለፈለግኩ መንዳቴን ቀጠልኩ። ባሕር ዳር ስንቃረብ የፊት መብራቱ የሻማ ያህል ሆነ። ጭነቱ የሚበላሽ ነው፤ ቤታችን አዲስ አበባ፣ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል።

ያኔ ባውቀው ኖሮ የምለውን ነው እዚህ የምጽፈው።

ዲናሞ (አልተርኔተር የሚሉትም አሉ) ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ባትሪውን ይሞላል። ሲሞት መኪናው ወዲያው አይቆምም። የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ባትሪው ውስጥ የተጠራቀመውን እየበላችሁ ነው የምትሄዱት።

1. መብራቷ ስትበራ

መጀመሪያ የሙቀት መለኪያውን እዩ። ቀጥሎ የፍሬን ፔዳሉን በቀስታ ሞክሩ። በብዙ መኪኖች ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) የውሃ ፓምፑንም ያዞራል፤ ቺንጋው ከተበጠሰ ሞተሩ ይግላል። ሙቀቱ ከፍ ካለ ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ። ትንሽ ልሂድ ማለት የለም።

ፍሬኑ ላይ ቆም ልበል፤ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። በብዙ አይሱዙ ኤንፒአር የጭነት መኪና ላይ ከዲናሞው ጀርባ አየር የምትስብ ትንሽ ፓምፕ ተገጥማለች። ፍሬኑን የምታቀለው እሷ ናት። ቺንጋው ከተበጠሰ እሷም ትቆማለች፤ ጥቂት ጊዜ ከረገጣችሁ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ስለዚህ «ዲናሞ ብቻ ነው» ብላችሁ በዚህ ሁኔታ ወደ ዓባይ በረሃ እንዳትወርዱ። ከደጀን በታች ያለውን ቁልቁለት በጠጠረ ፍሬን የሚሞክር ሰው በነፍሱ ይጫወታል።

2. ሙቀቱና ፍሬኑ ደህና ከሆኑ

የማያስፈልገውን ሁሉ አጥፉ፦ ቴፕ፣ ማራገቢያ፣ የስልክ ቻርጀር፣ ትርፍ መብራት። ሞተሩን ግን ደህና ቦታ እስክትደርሱ አታጥፉ፤ ለማስነሳት የሚጠፋው ኃይል ብዙ ነው። የነዳጅ ፓምፑ ሜካኒካል የሆነ አሮጌ ናፍጣ መኪና አንዴ ከተነሳ የሚፈልገው ኤሌክትሪክ ትንሽ ስለሆነ ቀን ቀን ሰዓታት ሊሄድ ይችላል። በኮምፒውተር የሚሠራ አዲስ ሞተር ግን ባትሪው ሲወርድ ድንገት ይጠፋል።

ማታ ነገሩ ሌላ ነው። የፊትና የኋላ መብራት አንድ ላይ 10 አምፒር ገደማ ቢወስዱና የባትሪዎቻችሁ አቅም 100 አምፒር ሰዓት ቢሆን፣ ግማሹን ለመጨረስ 5 ሰዓት ይበቃል። ያ ደህና ባትሪ ነው። ያረጀው ይህን አይደርስም። መሸት ካለ ቅርብ ከተማ ግቡና እደሩ።

መንገድ ላይ ከቆማችሁ ከኋላ ራቅ አድርጋችሁ ምልክት አኑሩ። ሦስት ማዕዘኑ ከሌለ ቅጠልና ድንጋይ አድርጉ። ስትሄዱ ግን ድንጋዩን አንሱ። በጨለማ የሚመጣ ባጃጅ አያየውም።

3. መለካት

ካቢና ውስጥ ትንሽ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ይኑራችሁ። ባለ 24 ቮልት መኪና ላይ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተከታትለው ታስረዋል። ሞተሩ ጠፍቶ ያረፉ፣ የሞሉ ሁለቱ ባትሪዎች አንድ ላይ 25.2 ቮልት አካባቢ ያሳያሉ። ሞተሩ ሲሠራ 27.5 እስከ 28.5 መሆን አለበት። ሞተሩ እየሠራ 24 እና ከዚያ በታች ካነበባችሁ፣ ቻርጅ አይገባም።

«እስቲ የባትሪውን ገመድ ንቀልና እንየው» የሚላችሁ ሰው ይኖራል። አትፍቀዱ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪ ሲነቀል ቮልቴጁ ድንገት ይዘላል፤ የዲናሞውን ዳዮዶች (ኤሌክትሪኩን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉትን) እና የሞተሩን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል።

ከዚያ ሞተሩን አጥፍታችሁ ቺንጋውን መሃሉ ላይ በአውራ ጣት ተጫኑት። አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሰጥ ደህና ነው። ጎኑ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ወይም ዙሪያው ጥቁር ዱቄት ካለ እየተንሸራተተ ነው። ቺንጋው ደህና ከሆነ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱና የካቻቢቴ ጫፍ ወደ ዲናሞው የኋላ ኩሽኔታ አስጠጉ። ማግኔት ሆኖ ሊስበው ይገባል። ካልሳበ ጥርጣሬው ካርቦን (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው)፣ ሬጉሌተር (ቮልቱን የሚቆጣጠረው) ወይም የሚያነቃቃው ቀጭን ሽቦ ላይ ነው። ከሳበና ቻርጅ ከሌለ ወደ ዳዮዱና ወደ መዳብ ጥቅልሉ ሂዱ።

4. ጋራዥ

ባሕር ዳር በመድረሳችን እድለኞች ነን። ትልቅ ከተማ ስለሆነች የመኪና ኤሌክትሪሺያን አይጠፋም። ጠዋት በጊዜ ሂዱ። ከመፈታቱ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል፤ ከዲናሞው የሚወጣው ወፍራም ገመድ የመኪናው ቁልፍ ቢዘጋም ኤሌክትሪክ አለው። ሽቦዎቹን በስልክ ፎቶ አንሱ። «ዲናሞው አልቋል፣ አዲስ ግዛ» ከተባላችሁ ምኑ እንዳለቀ አሳዩኝ በሉ። የእኛን ኤሌክትሪሺያኑ ከፈተና ካርቦኑን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ከሩዝ ፍሬ ብዙም አይረዝምም። ምንጩ ሊገፋው ሞክሮ የሚገፋው አጥቷል። ካርቦን ተቀየረ፣ ኩሽኔታው ተፈተሸ፣ ጠረጴዛ ላይ ዞሮ ተለካ። ሳይለካ መኪናው ላይ አይሰቀል።

ዲናሞው እስኪሠራ ባትሪዎቹን ቻርጅ አስደርጉ። ጭራሽ የሞተ ባትሪ በአዲስ ዲናሞ መሙላት ዲናሞውን ያግለዋል። ቴፕ ለማሠራት ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 ቮልት የጠለፋችሁም አስፈቱት። አንዱ ሲራብ ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላል፤ ሁለቱም ቶሎ ይሞታሉ።

5. ከመውጣት በፊት

መብራቱን አብርታችሁ ለኩ። ከ29 ቮልት በላይ ከሆነ ሬጉሌተሩ ልክ አይደለም፤ ባትሪውን ያፈላል፣ አምፖል ይፈጃል። ያቺ የፍሬን ፓምፕ ካለችም የዘይት ቱቦዋ እንዳያንጠባጥብ በጨርቅ ጠርጋችሁ እዩ።

መራዊ ላይ፣ ከባሕር ዳር ብዙም ሳትርቁ፣ እንደገና ቁሙና ለኩ። ቺንጋ ቀይራችሁ ከሆነ አዲሱ ትንሽ ከሄደ በኋላ ይለጠጣል። እኛ እዚያ 28.1 አነበብን። ረዳቴ ሸራውን ከኋላ ገለጥ አድርጎ ሽንኩርቱን አናፈሰ። ወደ ዳንግላ ቀጠልን።