ስሚዝ ሁሉ ዘመድ አይደለም

አሜሪካ ውስጥ የእንግሊዝ ቤተሰብ ስም ይዞ የዘር ሐረግ የሚቆጥር ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ገና ከስሙ ነው። ስሙ አንድ ከሆነ ዘሩም አንድ ይመስለዋል። ስሚዝ ማለት ቀጥቃጭ ነው፤ ቀጥቃጭ ደግሞ በየመንደሩ ነበር። ሂል ኮረብታ ጥግ የሚኖር ሰው ነው፤ ኮረብታውን ቁጠሩት እንግዲህ። ጆንሰን «የጆን ልጅ» ነው። እንደኛ የአባት ስም ሆኖ በየትውልዱ ሲቀያየር ኖሮ አንዱ ላይ ቆሞ ቀረ። አሜሪካ የተወለዱ የሐበሻ ልጆች የአያታቸውን ስም ይዘው ሲቀጥሉ እያየን ስለሆነ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «የስሚዝ ቤተሰብ አርማ» ተብሎ በኩባያ ላይ የሚሸጠውንም እለፉት። በእንግሊዝ አርማ የሚሰጠው ለሰው እንጂ ለስም አይደለም።

ስሙ እንግሊዛዊ የሆነ ሁሉ ከእንግሊዝ የመጣም አይደለም። ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ይህንኑ ስም ይዘዋል። ከባርነት ነፃ የወጡት አብዛኞቹ በአገር አቀፍ ቆጠራ በስማቸው የተጻፉት ገና በ1870 ነው።

ፊደል ላይ ሙጭጭ ማለትም ያስታል። መዝገብ ጸሐፊው የሰማውን ነበር የሚጽፈው። ሼክስፒር እንኳ የራሱን ስም ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ፊደል አልፈረመም። በፊደል ስለተለያየ ብቻ ሌላ ሰው ነው ማለት፣ ኃይሉና ሃይሉ ሁለት ሰው ናቸው እንደማለት ነው።

ከሁሉ የሚያስቀው የቀን ስህተት ነው። ባልና ሚስት በኤፕሪል 1640 ተጋቡ፣ ልጃቸው በፌብሩዋሪ 1640 ተጠመቀ ይላል መዝገቡ። «ጉድ!» ከማለታችሁ በፊት ቆይ በሉ። በእንግሊዝና በቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 ድረስ ዓመቱ የሚለወጠው ማርች 25 ላይ ነበር። ያ ፌብሩዋሪ በዛሬው አቆጣጠር 1641 ነው፤ ልጁ ከጋብቻው ወደ 10 ወር ገደማ ቆይቶ ነው የተጠመቀው። በ1752 ደግሞ ካላንደሩ ሲቀየር፣ ሴፕቴምበር 2 ማታ የተኛ ሰው ሲነሳ ቀኑ 14 ሆኖ ጠበቀው። በሁለት ካላንደር ላደገ ሐበሻ ይሄ ብርቅ አይደለም።

በስም ጫፍ የሚጻፉትን ሲኒየርና ጁኒየርን አባትና ልጅ አድርጎ መደምደምም አለ። በዚያን ዘመን በአንድ ከተማ ሁለት ሞክሼዎች ካሉ፣ ባይዛመዱም፣ በዕድሜ ትልቁ ሲኒየር ይባል ነበር። እሱ ሲሞት ጁኒየሩ ሲኒየር ሊሆን ይችላል!

ሰው ሁሉ ቅድመ አያቱን ሜይፍላወር ላይ ማሳፈር ይወዳል። በ1620 አሜሪካ የደረሰችው ያቺ መርከብ የያዘችው 102 መንገደኛ ነው፤ ግማሽ ያህሉም የመጀመሪያውን የብርድ ወራት አላለፉም። በ1630ዎቹ ግን ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ ሰው ወደ ኒው ኢንግላንድ፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ ተሻገረ። ፍለጋው እዚያ ቢጀምር ይሻላል። ቨርጂኒያ ከሆነ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የመንገደኛ መሳፈሪያ የከፈለ ሰው በአንድ ነፍስ 50 ኤከር መሬት ያገኝ ነበር። ስሞቹ የሚጻፉት መሬቱ ሲጠየቅ ስለሆነ፣ ሰውየው ከደረሰ ዓመታት አልፈው ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው ስህተት ውቅያኖሱን በአንድ ዝላይ መሻገር፣ ማለትም ስም ስለገጠመ ብቻ ከአሜሪካው ሰው ወደ እንግሊዝ መዝገብ መዝለል ነው። የእንግሊዝ ደብሮች ከ1538 ጀምሮ ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘግቡ ታዘዋል። እዚያ ስሙም ዕድሜውም የሚገጥም ሕፃን ስታገኙ ደስ ይላል። የቀብሩን ገጽም ግለጡት። ያ ልጅ በሦስት ዓመቱ እዚያው ተቀብሮ ይሆናል።