የሞተር መሪ ስትቀይሩ ሽቦ እንዳትቆርጡ

መሪው የታጠፈበት ሞተር ጎንደር ውስጥ ብርቅ አይደለም፤ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ሲወረድ በዝናብ መንሸራተት ያለ ነው። መሪውን ራሳችሁ የምትቀይሩ ከሆነ ሽቦውን ከፍሬቻው ወይም ከክላክሱ ቁልፍ ሥር እንዳትቆርጡት። እኔ አንዴ ቆርጬ ስቀጥል አመሸሁ።

መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። ከዚያ የፊት መብራቱን ብሎኖች ፈታችሁ መብራቱን ወደ ፊት ሳቡት። በብዙ ሞተሮች የሽቦዎቹ መገናኛ ሶኬቶች ከኋላው ታጭቀው ታገኛላችሁ። እዚያ ከሌሉ በታንከሩ ሥር ፈልጉ። ሳትነኩ በስልክ ፎቶ አንሱ። ቀለማቸው የሚመሳሰል ሽቦዎች አሉና በናስትሮ ምልክት አድርጉባቸው። ሶኬቱን ስትነቅሉ ጆሮውን (የሚቆልፈውን ትንሽ ፕላስቲክ) ተጭናችሁ ፕላስቲኩን ያዙ እንጂ ሽቦውን አትጎትቱ። አቧራና ጭቃ ካጣበቀው በቀጭን ካቻቢቴ ቀስ ብላችሁ ጆሮውን አንሱ።

የፍሬን ዘይት መያዣውን እንዳይገለበጥ ቀጥ አድርጋችሁ እሰሩት፤ አየር ከገባ ሌላ ጣጣ ነው።

አዲሱ መሪ ከፍ ካለ ሽቦና ገመዱ ሊያጥር ይችላል። ገጥማችሁ ስትጨርሱ ሞተሩን አስነስታችሁ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙሩ። በዚያ መሃል ድምፁ ከጨመረ የጋዙ ገመድ ተወጥሯል ማለት ነው፤ ሳታስተካክሉ አትንዱ።