ሮሚዮና ጁልየትን ስታነቡ «ማን ምን ያውቃል?» በሉ

ሮሚዮና ጁልየትን ለፈተና የምታነቡ ካላችሁ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ዘይቤውን ለብቻ፣ ድራማዊ ምጸቱን (ተመልካቹ የሚያውቀውን ገጸ ባሕርይው ሳያውቅ ሲቀር) ለብቻ አትልቀሙ። ዘይቤ ባገኛችሁበት መስመር ጎን «እኛ የምናውቀው፣ ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ የማያውቀው ምንድን ነው?» ብላችሁ በእርሳስ ጻፉ።

ገቢር 5 ትዕይንት 3 ላይ ሞክሩት። ሮሚዮ መቃብር ቤቱ ገብቶ ጁልየትን ያያታል። ሞት ውበትሽን አላሸነፈውም ይላታል፤ ቀዩ ሰንደቅ አሁንም ከንፈርሽና ጉንጭሽ ላይ ነው፣ የሞት ገርጣ ባንዲራ እዚያ አልደረሰም። ሞትን እንደ ወራሪ ጦር መሳሉ ነው። ግን ቅላቱ ከየት መጣ? ጁልየት አልሞተችም፤ የሞተች ያስመሰላት የእንቅልፍ መድኃኒት እየለቀቃት ነዋ! እኛ እናውቃለን። እሱ በገዛ አፉ እየተናገረው አልገባውም፣ መርዙን ይጠጣል። (እዚህ ጋ ሁሌም «ኧረ ቆይ!» ማለት ያምረኛል።)

ገቢር 3 ትዕይንት 5 ላይ ደግሞ ጁልየት እናቷን በሰምና ወርቅ ታናግራለች። እናት ልጇ ለዘመዷ ለቲባልት ገዳይ፣ ለሮሚዮ፣ ያላትን ጥላቻ ትሰማለች፤ እኛ ለሮሚዮ ያላትን ፍቅር።

መልስ ስትጽፉም «ተለዋጭ ዘይቤ ነው» ብላችሁ አትቁሙ። ተናጋሪው ወይም ሰሚው ምን እንደማያውቅ ጨምሩበት።